ዊንዲር፣ ቫልፋርና የሶግን ሸለቆ ሜታል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ዊንዲር፣ ስለዚህ የኖርዌይ ብላክ ሜታል ባንድ፣ ባወራሁ ቁጥር የሚመጡልኝ ጥያቄዎች አንድ ዓይነት ናቸው። አንዳንዱ ሰው የምሩን ነው የሚጠይቀው። አንዳንዱ «ይሄን ጩኸት እንዴት ቻልከው?» ለማለት ነው። ለሁለቱም እዚሁ መልሼ ልገላገል። ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዊንዲር ሰው ነው ባንድ?

ባንድ ነው። ግን ሲጀመር አንድ ልጅ ነበር። ቴርዬ ባከን ይባላል፤ የመድረክ ስሙ ቫልፋር ነው። የተወለደው በ1978 ነው፤ ያደገው በምዕራብ ኖርዌይ ሶግንዳል በምትባል ትንሽ ከተማ። ሶግንዳል ያለችው ሶግነፊዮርድ ከሚባለው ረጅም የባሕር ሰርጥ ዳር ነው። ባሕሩ በተራሮች መሃል ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ይገባል። በኖርዌይ ከዚህ የሚረዝም የለም። በክረምት ተራራው በረዶ ነው፤ ታች ያለው ውሃ ግን ጥቁር ነው።

ዊንዲርን ሲመሠርት 1994 ነበር። ዕድሜውን አስሉት፤ ገና አሥራዎቹ ውስጥ ነው። የመጀመሪያውን ማሳያ ካሴት «ሶግነሪከት» አለው። የሶግን መንግሥት እንደ ማለት ነው፤ ሶግን በዚያ የባሕር ሰርጥ ዙሪያ ያለው አካባቢ ነው። ሌላው ልጅ ስለ ጠፈርና ስለ ሲኦል ሲዘፍን እሱ ስለ ሰፈሩ ነበር የሚዘፍነው። በ1997 የወጣው የመጀመሪያው አልበም «ሶክናርዳልር» ይባላል። ይሄም የሶግንዳል የጥንት ስም ነው። ከበሮውን የመታው ስታይንግሪም ሲሆን ሌላውን መሣሪያ አብዛኛውን ቫልፋር ራሱ ተጫውቶታል። ሙሉ ባንድ የሆኑት ከሁለተኛው አልበም በኋላ፣ ኡልኩስ የሚባለው የዚያው የሶግንዳል ባንድ ልጆች ሲቀላቀሉት ነው።

ፎክ ብላክ ሜታል ማለት ምን ማለት ነው?

ብላክ ሜታልን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ከበሮው እንደ መትረየስ ነው። ጊታሩ ክር በክር እየተጫወተ ሳይሆን የንብ መንጋ እየመጣ ይመስላል። ዘፋኙ አይዘፍንም፤ ይጮኻል። ቀረጻው ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ ሻካራ ይደረጋል።

«ፎክ» የሚለው ሲጨመርበት የገጠር ዜማ ይገባበታል፤ የሰርግ ጭፈራው፣ የእረኛው ጥሪ፣ የአያቶች ተረት። አንዳንድ ባንድ ይሄን የሚያደርገው እንደ ጌጥ ነው። መሃል ላይ ዋሽንት ያስገባል፣ ከዚያ ወደ ጩኸቱ ይመለሳል። ዊንዲር ላይ ግን ዜማው ራሱ ነው ዘፈኑን የሚሸከመው። ዲስቶርሽኑን (የጊታሩን ሻካራ ድምፅ) አንሱት፣ ከበሮውን አንሱት፤ በፉጨት የምታፏጩት ነገር ይቀራል። አኮርዲዮንም ትሰማላችሁ። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ድምፁን ቀንሼ ነበር። ማታ ሳህን ሳጥብ ዜማውን እያንጎራጎርኩ ራሴን ያዝኩት።

እነሱ ግን «ፎክ» በሚለው ስም ብዙም አልተጨነቁም። «ሶግናሜታል» አሉት፤ የሶግን ሜታል። ከዚያው ከምዕራብ ኖርዌይ የመጡት፣ ኤንስሌቭድ የሚባሉት ባንድም በ1990ዎቹ «ብላክ ሜታል» ከመባል «ቫይኪንግ ሜታል» መባልን መርጠው ነበር። ለምን ራሳቸውን ለይተው እንደሰየሙ ከታች ስለ ቤተ ክርስቲያናቱ ቃጠሎ ስናወራ ይገባችኋል።

በምን ቋንቋ ነው የሚዘፍኑት?

ይሄ ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይለኛል።

ኖርዌይ ሁለት የጽሑፍ ቋንቋ አላት። ቡክሞል የሚባለው ከዴንማርክ አገዛዝ ዘመን የወረደውና አብዛኛው ሰው የሚጽፍበት ነው። ኒኖሽክ የሚባለው ደግሞ ኢቫር ኦሰን የተባለ የገበሬ ልጅ አገሩን በእግሩ ዞሮ፣ የገጠሩን ዘዬ ሰብስቦ ያዋቀረው ነው። ሰዋስዉን በ1848፣ መዝገበ ቃላቱን በ1850 አሳተመ። በኒኖሽክ የሚጽፈው ዛሬም ጥቂቱ ሕዝብ ነው፤ ዋና ምሽጉ ምዕራብ ኖርዌይ ነው፣ ሶግን ጭምር።

ቫልፋር ከዚህም ወረደ። የጻፈው በሶግናሞል ነው፤ በሸለቆው ዘዬ። በሌላ አነጋገር እናቱ ቤት ቁርስ ላይ በሚወራበት ቋንቋ። የኦስሎ ሰው ራሱ ጆሮውን አቅንቶ ነው የሚሰማው። እርግጥ ሲጮህበት ለሶግንዳል ሰውም ቢሆን ቃል መለየት ቀላል አይደለም። ግን ግጥሙ የተጻፈው እንደዚያ ነው፤ ማንም ባይሰማውም።

ሁለተኛው አልበም «አርንቶር» በ1999 ወጣ። የዘፈኖቹን ርእስ ብቻ ብታዩ የመንደር ካርታ ይመስላል። አንዱ «ኮንግ ሂድነስ ሃውግ» ይላል፤ የንጉሥ ሂድኔ የመቃብር ጉብታ ማለት ነው። ሌላው ስለ አንድ ጥቁር ቀጥቃጭና ስለ ረግረግ ትሮል ነው። ትሮል ማለት በኖርዌይ ተረት ውስጥ ያለው የተራራ ጭራቅ ነው፤ የኛን ጅብ ያህል ልጅ ያስፈራል። «ሳክነት» የሚለውን ደግሞ ናፍቆት ብላችሁ ያዙት። አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ብዙ ጊዜ ሲያልቅ አላውቀውም።

በኋላ ወደ እንግሊዝኛ አዘነበሉ። የውጭ አድማጭ መጣ፣ ባንዱም ሰፋ። አልፈርድባቸውም። ግን ሐቁን ከጠየቃችሁኝ፣ እንግሊዝኛው ዘፈን ውስጥ ሸለቆው ትንሽ ይርቃል።

«1184» የአልበም ስም ነው ወይስ የስልክ ቁጥር?

(ይሄን የጠየቀኝ ወንድሜ ነው፤ ስሙን አልጠራም።)

ዓመተ ምሕረት ነው። አልበሙ የወጣው በ2001 ሲሆን የሚያስታውሰው በዚያው በሶግነፊዮርድ፣ ፊምራይተ በተባለ ቦታ የተደረገ የባሕር ላይ ጦርነት ነው። ከሶግንዳል ቅርብ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኖርዌይ ሁለት ንጉሥ ነበራት፤ ማግኑስ አርሊንግሶንና ስቬሬ። ለዓመታት ሲዋጉ ኖረዋል። የሶግን ገበሬ የማግኑስ ወገን ነበር። ስቬሬ ሹም ሾመባቸው። ሹሙ ግብርና የገና ድግስ ጠየቀ። ገበሬዎቹ እምቢ አሉ፤ አልፈው ተርፈው ሹሙንም ሰዎቹንም ገደሉ። ስቬሬ ሰኔ ላይ በመርከብ ሊቀጣቸው መጣ፤ ቤታቸውንም አቃጠለ። እዚያው እያለ ማግኑስ ከኋላው ፊዮርዱን ዘግቶበት ገባ።

የማግኑስ መርከቦች በቁጥር ይበልጡ ነበር። ስቬሬ ግን ማሪያሱዳ የምትባል ግዙፍ መርከብ ነበረችው። ውጊያው ሲጦፍ የማግኑስ ሰዎች አንዱ መርከብ ሲያዝባቸው ወደ ሌላው እየዘለሉ ተጨናነቁ። መርከቦቹ ከነሰው ሰጠሙ። ንጉሥ ማግኑስም ሰጠመ። የስቬሬን ታሪክ የሚተርከው ጥንታዊ ሳጋ ከ2,000 በላይ ሰው ሞተ ይላል። ስቬሬ አገሩን ጠቀለለ።

እንግዲህ አስቡት። ቫልፋር በልጅነቱ የሚያየው ውሃ ይሄ ነው። ሌሎች ቫይኪንግ ሲሉ ቀንድ ያለው የራስ ቁር ይታያቸዋል፤ ያውም ቫይኪንጎች ያልነበራቸው። የሱ ሰዎች ግን ግብር አንከፍልም ብለው ቤታቸው የተቃጠለባቸው ገበሬዎች ናቸው። ተሸናፊዎች ናቸው። የአሸናፊ ታሪክ የሚዘምር ባንድ ሞልቷል።

ይሄ ሁሉ የሰይጣን አምልኮ አይደለም እንዴ? ቤተ ክርስቲያን አላቃጠሉም?

አቃጥለዋል። ይሄን ማለስለስ አልፈልግም።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኖርዌይ ብላክ ሜታል ሲባል ጥቂት ወጣቶች ነበሩ። መሰብሰቢያቸው ኦስሎ ውስጥ «ሄልቬተ» የሚባል የሙዚቃ ሱቅ ነበር፤ ትርጉሙ ሲኦል ነው። ባለቤቱ የሜይሄም ባንድ ጊታሪስት ኤውሮኒመስ ነበር። በ1992 ቤተ ክርስቲያናት መቃጠል ጀመሩ። በነሐሴ 1993 ኤውሮኒመስ በቢላ ተወግቶ ተገደለ። የገደለው ቫርግ ቪከርነስ የተባለ ሌላ ሙዚቀኛ ነው። በነፍስ ግድያና በበርካታ ቤተ ክርስቲያናት ቃጠሎ ተከሶ በ1994 የ21 ዓመት እስራት ተፈረደበት። የዚያ አገር ከባዱ ቅጣት ነበር። አንዳንዶቹም የዘረኝነት ፖለቲካ ውስጥ ገቡ። ከዚህ ውስጥ አንዱንም «የወጣትነት ስሜት ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

በጣም የሚያንገበግበኝ ግን የፋንቶፍት ነገር ነው። በሰኔ 1992 በርገን ከተማ አጠገብ የተቃጠለው ይህ ቤተ ክርስቲያን ስታቭ ቤተ ክርስቲያን የሚባለው ዓይነት ነው። ሙሉ በሙሉ ከእንጨት የታነጸ፣ ጣራው ላይ የዘንዶ ራስ ያለው። ብታዩት የቫይኪንግ መርከብ ተገልብጦ ጣራ የሆነ ይመስላችኋል። የተሠራው በ1150 ገደማ ነው። የት? ፎርቱን በተባለ መንደር፣ እዚያው ሶግን ውስጥ። ወደ በርገን የተወሰደው በ1883 ነው። እንግዲህ «የአባቶቻችንን ዘመን እንመልሳለን» በሚባልበት ሰሞን የነደደው የሶግን አባቶች በእጃቸው የቀረጹት እንጨት ነው። አሁን የቆመው እንደገና የተሠራ ነው።

የቫልፋር ትውልድ ከዚህ ቀጥሎ የመጣ ነው። እሳቱ ሲነድ እሱ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። ሙዚቃውን ወረሰ፤ ስለ ሰይጣን የነበረውን ወሬ ግን ብዙውን ትቶ ወደ ታሪክ ዞረ። ከሱ በፊትም የዞሩ ነበሩ። ኡልቨር የሚባለው ባንድ የመጀመሪያ አልበም በ1995 የወጣ ሲሆን ትሮሎች ወደ ተራራ አስኮብልለው ስለወሰዷት ልጅ የሚተርክ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሙዚቃን በሰይጣን መወንጀል እዚያ አገር አዲስ አይደለም። ሃርዳንገር ፊድል የሚባል ባህላዊ ቫዮሊን አላቸው። ከላይ አራት ክር፣ ከሥር ደግሞ ማንም ሳይነካቸው አብረው የሚያስተጋቡ አራት ወይም አምስት ክሮች አሉት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሃይማኖት መነቃቃት በመጣ ጊዜ «የሰይጣን መሣሪያ» ተብሎ ብዙው ተቃጠለ፤ አንዳንዱም ተደበቀ። ሚላርጉተን የሚባለውን ዝነኛ ተጫዋች ችሎታውን ከርኩስ መንፈስ ነው ያገኘው ይሉት ነበር። ዛሬ ያ መሣሪያ የአገሪቱ ኩራት ነው።

እኔ ራሴ ጾም የምይዝ ሰው ነኝ። ግጥሙን እያየሁ እመርጣለሁ፤ የማልነካቸው ባንዶች አሉ። በሁዳዴ ደግሞ ጭራሽ አልሰማውም። እሱ የራሴ ጉዳይ ነው።

ሲጮኹ ጉሮሯቸው አይጎዳም?

እንደ ተናደደ ሰው ዝም ብሎ የሚጮህ ይጎዳል። የለመዱት ግን እውነተኛውን የድምፅ ክር አያስጨንቁም። ከሱ በላይ ያለውን ሥጋ ነው የሚያንቀጠቅጡት፤ ወይም ድምፅን በጣም አጥብበው በትንሽ አየር ያወጡታል። ኃይሉ የሚመጣው ከሆድ ነው። ቁጣ የሚመስለው አብዛኛው ነገር የትንፋሽ ቁጥጥር ነው። ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ሞክሬው ለሁለት ቀን ስልክ ሳነሳ ሰው አልለየኝም።

ቫልፋር እንዴት ሞተ?

ጥር 14 ቀን 2004 ከቤቱ ወጥቶ በእግሩ ወደ ቤተሰቡ የተራራ ጎጆ ሄደ፤ ፋገርኤጊ ወደሚባል ቦታ። መንገዱን ያውቀዋል፤ ያደገበት ነው። የበረዶ ማዕበል ያዘው። ጎጆው አልደረሰም። ከሦስት ቀን በኋላ ረፓስተለን በሚባል ቦታ፣ በዚያው በሶግንዳል ሸለቆ አስከሬኑ ተገኘ። የገደለው ብርድ ነው። 25 ዓመቱ ነበር። የተቀበረው እዚያው ሶግንዳል፣ ስቴድየ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ከመሞቱ በፊት በነበረው ዓመት የወጣው የመጨረሻ አልበም «ሊክፈርድ» ይባላል። አስከሬን የሚሸኝበት ጉዞ ማለት ነው። ከዚህ ተነስተው ትንቢት ነው፣ ሞቱን ፈልጎት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልወደውም ይሄን ወሬ። ሞት በዚህ ሙዚቃ ውስጥ የማይጠራበት አልበም የለም። አንድ ወጣት በክረምት ወደ ቤተሰቡ ጎጆ ሲሄድ ማዕበል ያዘው፤ ያ ነው የሆነው።

ባንዱስ?

በዚያው ዓመት አበቃ። በሌላ ዘፋኝ እንቀጥል አላሉም። መስከረም 3 ቀን 2004፣ በቫልፋር የልደት ቀን፣ ኦስሎ ውስጥ ሮከፌለር በሚባለው አዳራሽ የስንብት ኮንሰርት አደረጉ። ኤንስሌቭድ መጥተዋል፤ ፊንትሮል ከፊንላንድ መጥተዋል።

ከዚያ የቀሩት አባላት ቭራይድ የሚባል ባንድ መሠረቱ፤ ቁጣ ማለት ነው። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኮር ስኮርፒ ውስጥ ቀጠለ። የአንድ ትንሽ ከተማ ልጆች ናቸው፤ በየባንዱ ያው ፊቶች ይመላለሳሉ።

የዚያ ዘመን ዘፋኞች ዛሬ የት ናቸው?

ብዙዎቹ የሃምሳ ዓመት ሰዎች ሆነዋል። ካምፕፋርን ተመልከቱ፤ በ1994 የተመሠረተ ነው፣ ልክ እንደ ዊንዲር። ዘፋኙ ዶልክ ዛሬም ተራራና ተረት እየዘፈነ ነው። በ2022 አዲስ አልበም አውጥቷል። ኤንስሌቭድን በ1991 የጀመሩት የ13 ዓመቱ ኢቫር ቢዮርንሶንና የ17 ዓመቱ ግሩትለ ሼልሶን ናቸው። እስካሁን አብረው ናቸው። ጓደኝነት እንደዚህ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ የ2014ቱ ነገር ነው። የኖርዌይ ሕገ መንግሥት 200ኛ ዓመት ሲከበር፣ ሕገ መንግሥቱ በተጻፈበት በአይድስቮል ለሚቀርብ ዝግጅት ሙዚቃ እንዲሠሩ የተጠየቁት ኢቫርና አይናር ሴልቪክ ናቸው። ሴልቪክ ጎርጎሮት የሚባለው ብላክ ሜታል ባንድ የቀድሞ ከበሮ መቺ ነው። አሁን ቫርድሩና በሚባለው ቡድኑ ያለ አንድም ጩኸት የጥንት መሣሪያ ይጫወታል። የሠሩት «ስኩግሻ» ይባላል፤ መስታወት ማለት ነው። ከዚያ 22 ዓመት ቀደም ብሎ ፖሊስ ይፈልጋቸው ከነበሩ ልጆች ሰፈር የወጡ ሰዎች የአገር ልደት ላይ መድረክ ተሰጣቸው። አንዳንድ አክራሪ አድማጭ «ከዱን» ይላል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን መጀመሪያውኑ ሲፈልጉ የነበረው ይሄንኑ ነው፤ መንገዱ ነው ያጠፋቸው።

ቫልፋር ይሄን አላየም። ቢኖር ምን ይል ነበር ብሎ መገመት የኔ ሥራ አይደለም። የሱን ዓይነት ዘፈን ግን ዛሬ በየአገሩ፣ በየራሱ መንደር ዘዬ የሚጮህ ልጅ አለ።

ከየት ልጀምር?

ጩኸቱን የማትችሉ ከሆነ በዊንዲር አትጀምሩ። የኡልቨርን «ክቬልስሶንገር» ስሙ፤ በ1996 የወጣ ነው፣ በአብዛኛው ጊታርና የሰው ድምፅ፣ ለማታ የሚሆን። ከዚያ «አርንቶር»ን ክፈቱ። መግቢያው አጭር ነው፣ ገር ነው። ሁለተኛው ዘፈን ሲገባ ትደነግጣላችሁ፤ ሁለት ደቂቃ ስጡት። ከዚያ «1184»። የመጨረሻው ዘፈን መጨረሻ ላይ ኪቦርዱ ድንገት የዳንስ ቤት ሙዚቃ ይሆናል። ስልካችሁ አልተበላሸም። ሆን ብለው ነው።

ካልወደዳችሁትም እሺ። ድምፁን ቀንሱትና ሳህኑን እጠቡ።